የቀጀላ ጓጉንቸር

ወንድሜን የገደለው ሰውዬ ጠዋት ጠዋት «ኦሊ፣ እንዴት አደርክ» ይለኛል። እኔም «እግዜር ይመስገን፣ እርስዎስ ጋሼ ደርበው» እለዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን አስራ አንድ ወር አብረን ሰራን። አንድ ቀን አላረፈድኩበትም፣ አንድ ቀን ፊቴን አላጠቆርኩበትም። ቦርሳውን እይዝለታለሁ፣ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይዤ ቢሮው ድረስ እሸኘዋለሁ። ሰዉ «ይሄ ልጅ የደርበው አማች ሊሆን ነው እንዴ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔ ግን ልገድለው ነበር ስር ስሩ የምለው።

ፋብሪካውን ላሳያችሁ መጀመሪያ። ከመቱ ወደ ጎሬ ስትሄዱ ሳታዩት ሽታው ይቀበላችኋል። የበሰበሰ እንቁላል ከተቀቀለ ጎመን ጋር በሉት። ሚኒባስ ውስጥ ለአገሩ አዲስ ሰው ካለ አፍንጫውን ይዞ አጠገቡ የተቀመጠውን በጥርጣሬ ያያል፣ ረዳቱ ደግሞ «ፋብሪካው ነው፣ ሰው አትጠርጥሩ» ይላል። እኛ ለምደነዋል። ወረቀት ፋብሪካ ይሉታል እንጂ ወረቀት የሚባል ነገር አይሰራም። ባህር ዛፍ ይልጣል፣ ይከትፋል፣ በመድሃኒት ይቀቅላል፣ ከዛ ጨምቆ እንደ ወፍራም ካርቶን አድርጎ በመኪና ይጭናል። ያ ነው ፐልፕ የሚባለው። ወረቀቱን የሚሰሩት ሌሎች ናቸው፣ ሌላ አገር። ለኛ የቀረን ሽታውና ባህር ዛፉ ነው። ፋብሪካው ከመጣ ወዲህ ከሶር ወንዝ ወዲያ ማዶ ያለው ገበሬ ሳይቀር ቡናውን እየነቀለ ባህር ዛፍ ተክሏል።

እንጨቱን የሚከትፈው ማሽን ቺፐር ይባላል። ቁመቱ የአንድ ቤት ያህላል። አፉ ከላይ ነው፣ ቁልቁል የሚያንሸራትት የብረት ቦይ አለው፣ ከስሩ ትልቅ ክብ ብረት ላይ ቢላዎች ተደርድረዋል። የሰው ወገብ የሚያህል ግንድ ወርውራችሁ «አንድ፣ ሁለት» ሳትሉ ሌላኛው ጎን እንደ ድንች ጥብስ ተከትፎ ይወጣል። አንዳንዴ ግንዱ ይቀረቀርና ማሽኑ ይቆማል። ያን ጊዜ ሰው አፉ ውስጥ ገብቶ፣ በሆዱ ተስቦ ወርዶ፣ በእጁ ያስለቅቃል።

ይሄ ሥራ ህግ አለው። ለእያንዳንዱ ሰራተኛ ስሙ የተጻፈበት ቀይ ጓጉንቸር ይሰጠዋል። ከመግባትህ በፊት መብራቱን ከብሬከሩ፣ ከዋናው ማጥፊያ፣ ታጠፋለህ፣ ጓጉንቸርህን ብሬከሩ ላይ ትሰቅላለህ፣ ቆልፈህ ቁልፉን ኪስህ ትከታለህ። ከዛ በኋላ ያንን ማሽን የሚያስነሳ ሰው የለም። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቢመጣ የሰው ጓጉንቸር አይነካም። አንተው ወጥተህ፣ በራስህ ቁልፍ፣ በራስህ እጅ ነው የምትከፍተው።

ቀጀላ ታላቄ ነው፣ በስድስት አመት ይበልጠኛል። አባታችን ከሞተ ወዲህ እኔን ያስተማረኝም ያበላኝም እሱ ነው። አንድ የገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የተቀረቀረ ግንድ ሊያስለቅቅ ቺፐሩ ውስጥ ገባ። ማሽኑ ተነሳ።

ከዚህ በላይ አልነግራችሁም።

ሪፖርቱ አንድ ገጽ ነው። «ሟች የደህንነት ጓጉንቸሩን ሳይሰቅል በመግባቱ» ይላል። በቃ። ቀብሩ ላይ ደግሞ ፎርማኑ፣ ማለትም ደርበው፣ ተነስቶ ንግግር አደረገ። አልቅሶ ነበር። «ቀጀላ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ወንድሜ ነበር ማለት እችላለሁ፣ ምን ያደርጋል፣ ጥንቃቄ ጎደለው» አለ። ይቺ «ጥንቃቄ ጎደለው» የምትለው ነገር ከመቃብሩ ቀድማን መቱ ገባች። በሳምንቱ እንዝላል ሆነ። በወሩ ጠጥቶ ነበር ተባለ። ቀጀላ ጠጥቶ አያውቅም፣ ጠላ እንኳን ሲያሸት ያስነጥሰዋል። አንድ ቀን ከእናቴ ጋር መናኸሪያው ጋ ቆመን፣ አንዲት ሴት ልጇ ባጃጅ ሳያይ መንገድ ሊያቋርጥ ሲል እጁን ይዛ ጎተተችውና «እንደ ቀጀላ ልትሆን ነው?» አለችው። እናቴን አላወቀቻትም። እናቴ፣ ሙላቷ ነው ስሟ፣ ነጠላዋን እስከ አይኗ ሳበችና «እንሂድ» አለችኝ። ከዛ ቀን ወዲህ ገበያ ወጥታ አታውቅም።

በስድስተኛው ወር ፋብሪካው «በወንድሙ ቦታ» ብሎ ቀጠረኝ። እናቴ «ያ ማሽን ሁለተኛ ልጄን አይበላም» አለች፣ ለመንኳት፣ እሺ አለች። ልምልላችሁ እችላለሁ፣ ያኔ በልቤ ምንም ተንኮል አልነበረም። ሥራ ነበር የፈለግኩት።

የመጀመሪያው ቀን እቃ ግምጃ ቤት ሄድኩ። ግምጃ ቤቱን የሚይዙት እትዬ ሰይዳ ናቸው፣ የጅማ ነጋዴ ልጅ፣ አፋቸው የማያርፍ ሴትዮ። ቦት ጫማ ሰጡኝ፣ ጓንት ሰጡኝ፣ ከዛ አዲስ ቀይ ጓጉንቸር ከነቁልፉ ሰጡኝ። ክፍት ነው። እኔ ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ልከተው ብል እምቢ አለኝ። ጎተትኩ፣ አዞርኩ፣ በጥርሴ ልይዘው ስል እትዬ ሰይዳ ሳቁ።

«አትታገለው ልጄ። ክፍት ሆኖ ቁልፉን አይለቅም።»

«ማለት?»

«ማለትማ ሲቆለፍ ብቻ ነው ቁልፉ የሚወጣው። እንዲህ ነው የሰሩት። ሰው ሳይቆልፍ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ቆልፌያለሁ ብሎ እንዳይረሳ ነው። ቆልፈው እስቲ።»

ቆለፍኩት። ቁልፉ ሹልክ ብሎ ወጣ።

እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። እጄ ላይ ያለውን ቁልፍ እያየሁ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ምክንያቱም ከሆስፒታል በፌስታል የሰጡን የቀጀላ ሱሪ ኪስ ውስጥ እንዲህ አይነት ቁልፍ ነበር። ቁልፉ ብቻ። እናቴ በመሀረብ ጫፍ ቋጥራ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። የምን ቁልፍ እንደሆነ አናውቅም ነበር፣ የእሱ ኪስ ነካው ብላ ነው ያስቀመጠችው።

ወንድሜ ቆልፎ ነበር የገባው።

«ምን ሆንክ?» አሉኝ እትዬ ሰይዳ።

«እትዬ፣ የሰው ጓጉንቸር ካልተከፈተ በምን ይነሳል?»

ፊታቸው ተለዋወጠ። ጓንት መቁጠር ጀመሩ፣ የቆጠሩትን መልሰው ቆጠሩ። «እግርህ ስንት ቁጥር ነው ያልከኝ?» አሉ። ጫማውን ሰጥተውኛል'ኮ። ወጣሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ራሳቸው ጠሩኝ። በሩን ዘጉት።

«ወንድምህ የሞተ ቀን ደርበው ትልቁን የብረት መቀስ ወስዷል» አሉ። «እኔ ነኝ የሰጠሁት። የገበያ ቀን ሁሌም ይወስዳል። ሲመልሰው አጥቦት ነበር፣ ብረት መቀስ ማን ያጥባል? ጓጉንቸሩን የት እንደጣለው አላውቅም። መቀቀያው ውስጥ ይሆናል፣ እዛ የገባ ነገር አይገኝም።»

«ለምን የገበያ ቀን?»

«አታውቅም ለካ። እዚህ ሰው ተንኮለኛ ነው። የገበያ ቀን መውጣት አይፈቀድም አይደል? ጓጉንቸሩን ብሬከሩ ላይ ይሰቅልና በአጥር ዘሎ መቱ ገበያ ይሄዳል። ማሽኑ ቆሟል፣ ጓጉንቸር የሰው ነው፣ ማንም አይነካውም፣ ጥገና ላይ ነው ይባላል። በሰዓቱ በርበሬና ዶሮውን ገዝቶ ይመለሳል። ደርበው መሮት መቁረጥ ጀመረ። ሁሉም ያውቃል።»

«እና ቀጀላም ገበያ የሄደ መስሎት ቆረጠው።»

«የማሽኑ አፍ ጋ ሄዶ አንዴ ቢጣራ ምን ነበረበት» አሉ እትዬ ሰይዳ። አይናቸው እንባ ሞላ።

«ለምን አልተናገሩም?»

«ለማን? መርማሪ የተባለው ሰውዬ ቢሮ ገብቶ ከእነሱ ጋር ምሳ በልቶ ወጣ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ሶስት ልጅ አለኝ ኦሊ። ፈራሁ፣ ወላሂ ፈራሁ።»

እንግዲህ ፖሊስ ጋ መሄድ ነበረብኝ ትሉኛላችሁ። ምን ይዤ? አንድ ቁልፍ ይዤ? ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፖሊስ አላሰኘኝም። ሰውዬው ገደለው፣ እሺ፣ ስህተት ነው በሉ። ከዛ ግን ቆሞ እያለቀሰ፣ እናቴ ፊት፣ አፈር ሳይለብስ፣ ጥፋቱን ለሞተው ሰጠው። ለዚህኛው ምን አይነት ፖሊስ አለ?

ጠበቅኩ። ደርበው ራሱ ቺፐሩ ውስጥ የሚገባበትን ቀን ነበር የምጠብቀው። እሱ አይገባም፣ ሰው ነው የሚልከው። በአመት አንዴ ብቻ፣ ፋብሪካው ለጥገና ሲቆምና ቢላዎቹ ሲቀየሩ፣ የቢላዎቹን ልኬት ፎርማኑ በራሱ እጅ ማየት አለበት። ያን ቀን እየቆጠርኩ «እንዴት አደሩ ጋሼ» አልኩት።

አንድ ነገር ብቻ መደበቅ አልቻልኩም። በኛ አገር ሰው በሰው እጅ ከሞተ የገዳይና የሟች ወገን ከአንድ ውሃ አይጠጡም፣ ከአንድ ሳህን አይበሉም። ሽማግሌ ገብቶ ጉማ እስኪያልቅ፣ ማለት ካሳው ተከፍሎ እርቁ እስኪወርድ ድረስ እንዲህ ነው። ጉማ ደግሞ ገዳይ እውነቱን ካልተናገረ አይጀመርም። እኔ ዘመናዊ ነኝ ባይ ነኝ፣ ስልክ ላይ ነው የምውለው፣ ግን ደርበው ከሚጠጣበት በርሜል ውሃ ልጠጣ ብል ኩባያውን መልሼ አስቀምጣለሁ። በሃይላንድ ከቤት ይዤ መምጣት ጀመርኩ። ክበብ ውስጥም ከእነሱ ትሪ አልበላም።

ደርበው የጎሬ ልጅ ነው። ኦሮምኛው ከኔ ይሻላል፣ ወጉንም ያውቃል። አንድ ቀን ክበብ ውስጥ አየኝ፣ ሃይላንዴን አየ።

«ኦሊ፣ ውሃችን ምን በደለህ?»

«ሆዴን ይነፋኛል ጋሼ።»

«አመት ሊሞላህ ነው፣ እስካሁን ይነፋሃል?»

«ሆዴ አይለምድም።»

ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። እሱ ግን ብርጭቆውን አስቀመጠና ሳይጨርሰው ወጣ። በማግስቱ አዲስ ጃኬት አመጣልኝ፣ «ዝናቡ ከፍቷል» ብሎ። ተቀበልኩት። ለውሻችን አነጠፍኩለት።

ጥገናው ደረሰ። ፋብሪካው ሲቆም ጆሮ ያማል፣ ዝምታው ራሱ ያስፈራል። በአምስተኛው ቀን ቢላዎቹ ተቀይረው አለቁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ለምሳ ክበብ ሄደ። ደርበው «እኔ ልኬቱን አይቼ እመጣለሁ፣ ኦሊ አንተ እዚህ ቁም» አለኝ። ህግ ነው፣ ሰው ሲገባ አንድ ሰው ብሬከሩ ጋ ይቆማል። ብሬከሩን አጠፋ፣ የራሱን ጓጉንቸር ሰቀለ፣ ቆለፈ፣ ቁልፉን ደረት ኪሱ ከተተ። ሬዲዮው እዛው ደረቱ ላይ ተሰክቷል። የማሽኑ አፍ ጋ ወጣ፣ በሆዱ ተኛ፣ ቀስ እያለ ተንሸራቶ ገባ። የጫማው ሶል ሲጠፋ አየሁት።

ግምጃ ቤት ሄድኩ። እትዬ ሰይዳ ምሳ ላይ ናቸው። መቀሱ ያለበት ቁም ሳጥን አልተቆለፈም ነበር። ረስተውት ይሁን አውቀው፣ እስካሁን አልጠየቅኳቸውም።

ተመለስኩ። መቀሱን ጓጉንቸሩ ላይ አስገባሁና በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ቀጭ አለ። የተቆረጠው ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ብሬከሩን መለስኩት። የማስነሻው አረንጓዴ መብራት በራ።

ከውስጥ ይሰማ የነበረው የብረት ድምጽ ቆመ።

«ኦሊ?»

እጄን ማስነሻው ላይ አደረግኩ።

«ኦሊ፣ ምንድን ነው የተቆረጠው?»

«የምታውቀውን ነው ደርበው» አልኩት። ጋሼ የለ፣ እርስዎ የለ። አፌ ላይ እንዴት እንደጣመኝ አልነግራችሁም።

ብረት ተንኳኳ፣ ሊወጣ ሲሞክር ነው።

«እንዳትንቀሳቀስ። ለመውጣት አንድ ደቂቃ ይፈጅብሃል። እጄ ማስነሻው ላይ ነው።»

ትንፋሹ በቦዩ ውስጥ እየወጣ ይሰማኛል፣ ልክ ጆሮዬ ስር እንዳለ።

«ቀጀላ ጓጉንቸሩን ሰቅሎ ነበር ወይስ አልሰቀለም?»

«ኦሊ፣ ልጄ...»

«ልጅህ አይደለሁም። ሰቅሎ ነበር?»

«ሰቅሎ ነበር» አለ። ድምጹ ትንሽ ሆነ። «ገበያ የሄደ መሰለኝ። በእግዚአብሔር ስም፣ ገበያ የሄደ ነው የመሰለኝ።»

«ቀጀላ ሥራ ጥሎ ገበያ የሚሄድ ሰው ነበር?»

«ሄዶ ነበር» አለ። «በፊተኛው ሳምንት ሄዶ ነበር፣ ጓጉንቸሩን ሰቅሎ። እኔ ራሴ ነኝ ሲመለስ በአጥር ሲዘል ያየሁት። ጫማ ይዞ ነበር፣ አዲስ ጫማ። ለወንድሜ ነው አለኝ። ለዛ ነው በሳምንቱ ጓጉንቸሩን ሳየው...»

ያን ጊዜ ነው ልጫነው ያልኩት። እውነቴን ነው፣ ጣቴ ማስነሻው ላይ ነበር፣ ትንሽ ገፋ አድርጌው ነበር። ምክንያቱም ጫማው እውነት ነው። የኮሌጅ መመዝገቢያ ቀን ደርሶብኝ፣ ጫማ የለኝም ብዬ ስልክ ደውዬ የጠራሁት እኔ ነኝ። ገበያ መሃል ቆመን እኔ አርባ አንድ ነኝ እሱ አርባ ሁለት ነህ እያለኝ ተሳስቀናል። ይሄንን ማንም አያውቅም። እናቴም አታውቅም። ይሄ ሰውዬ ግን ያውቃል፣ አስራ አንድ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት እያየኝ ያውቃል።

«ሽማግሌ እልካለሁ» አለ ከውስጥ። «ጉማውን የተባልኩትን እከፍላለሁ። እናትህ እግር ላይ እወድቃለሁ። ልውጣ ብቻ።»

ይሄም አናደደኝ። እናቴን አውቃታለሁ። ሽማግሌ ቤቷ ገብቶ ከተቀመጠ፣ ሰውዬው አልቅሶ ከወደቀ፣ ይቅር ትላለች። በር ተዘግቶ፣ በአምስት ሰው ፊት፣ ያልቃል። መናኸሪያው ጋ ያለችው ሴትዮ ግን ልጇን አሁንም «እንደ ቀጀላ» ትለዋለች።

«ሬዲዮህን ያዝ» አልኩት።

«ምን?»

«ሬዲዮው ደረትህ ላይ ነው። ተጫነውና ተናገር። ለኔ ያልከውን ለሁሉም በል።»

«ሥራ አስኪያጁ ይሰማል።»

«ይስማ።»

ሬዲዮው በሁሉም ክፍል ነው፣ ግንድ ማራገፊያው፣ መቀቀያው፣ ጥበቃው፣ ክበቡ ሳይቀር ድምጽ ማጉያ አለው። ጭር ብሎ ነበርና መጀመሪያ ጭረቱ፣ ከዛ ድምጹ በግቢው ሙሉ ሲወጣ ሰማሁት። አንዴ በቦዩ ይመጣል፣ አንዴ ከሰማይ እንደሚመጣ ከማጉያው።

«እኔ ደርበው ነኝ» አለ። «ቀጀላ ጓጉንቸሩን ሰቅሎ፣ ቆልፎ ነበር የገባው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሳልጣራ ማሽኑን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ጓጉንቸሩን መቀቀያው ውስጥ የጣልኩት እኔ ነኝ። ሪፖርቱ ውሸት ነው። ቀብሩ ላይ ያልኩት ውሸት ነው። ልጁ ጥንቃቄ አልጎደለውም።»

ቆመ።

«በኦሮምኛም ድገመው» አልኩት። «ግንድ አራጋፊዎቹ በደንብ ይስሙ።»

ደገመው። «ቁልፊ ኢሳ ከን ሙሬ አነ»፣ ጓጉንቸሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ሲል ድምጹ ተሰበረ። ያንን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አስባልኩት። ሁለተኛው ለኔ ነው።

የጫማውን ወሬ በሬዲዮው አልተናገረም። ይናገራል ብዬ ጠብቄ ነበር። ዘሎት አለፈ።

ሰዉ ከክበብ እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ የደረሰው ኢርሻድ ነው፣ የመብራት ሰራተኛው፣ የኔም የቀጀላም ጓደኛ። አፉ ዙሪያ ወጥ አለ። እጄን አየ፣ መሬት ላይ ያለውን ጓጉንቸር አየ፣ ቆመ።

«ኦሊ። ሰምተናል።»

«እሺ።»

«ሁላችንም ሰምተናል። እጅህን አንሳ።»

«ለምን?»

ኢርሻድ አሰበ። የምወደው ለዚህ ነው፣ ዝም ብሎ አይናገርም። «ከተጫንከው ነገ መቱ የሚያወራው ስለ ቀጀላ አይደለም» አለኝ። «ስለ አንተ ነው። ያኔ አሁን ስለ ቀጀላ የሰማነውን ሁላችንም እንረሳዋለን።»

እጄን አነሳሁ። አዝኜለት እንዳይመስላችሁ። ኢርሻድ ትክክል ስለነበረ ነው።

ደርበውን ጎትተው አወጡት። ሱሪው ረጥቦ ነበር። ይሄንን ለምን ትነግረናለህ ትሉ ይሆናል፣ ደስ ስላለኝ ነው።

ከዛ በኋላ ያለው የቢሮ ነገር ነው። እኔ የሰው ጓጉንቸር ቆርጬ ተባረርኩ፣ ይገባኛል። ሁለታችንም ፖሊስ ጣቢያ ገባን፣ ሁለታችንም በዋስ ወጣን፣ የእሱ ክስ አለ፣ የእኔም አለ፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ነው። ሪፖርቱ ተቀይሯል። አዲሱ ሁለት ገጽ ነው።

ሽማግሌዎቹ በሶስተኛው ሳምንት መጡ። አምስት ናቸው፣ ተለቅ ያሉት ኦቦ ዋቁማ የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። እናቴ እንዳልኩት ነው የሆነችው። ሰምታ፣ ነጠላዋን ጨምድዳ፣ «ልጄ እንዝላል አለመሆኑን ራሱ ከተናገረ እኔ ደክሞኛል» አለች። ግን ጉማ ያለ ወንድም እሺታ አያልቅም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ከብት ነው የምትፈልገው?» አሉኝ ኦቦ ዋቁማ። «ተናገር፣ የፈለግከውን ተናገር።»

«ከብት አልፈልግም። ቤት ለቤት ይሂድ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቀጀላ እንዝላል ነበር የተባለበት ቤት ሁሉ ይሂድ። መጀመሪያ መቱ፣ ከዛ እስከ ጎሬ። በር ያንኳኳ፣ ስሙን ይናገር፣ ያደረገውን ይናገር። እኔ ከኋላው ሆኜ እሰማለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው «ይሄ ጉማ ነው ወይስ ቅጣት?» አለ። «እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።» ኦቦ ዋቁማ ግን «ተበዳይ ነው የሚጠይቀው» አሉ። ለደርበው ሄደው ነገሩት፣ እሺ አለ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንሄዳለን። እሱ ከፊት፣ እኔ አስር እርምጃ ከኋላ። አናወራም። ያንኳኳል። ሰው ይወጣል፣ «ማነህ?» ይለዋል፣ ይናገራል። አንዳንዱ ያለቅሳል። አንዳንዱ በሩን ፊቱ ላይ ይዘጋዋል፣ ያኔ ዝም ብሎ ቆሞ ይጠብቃል፣ እኔ «ድጋሚ አንኳኳ» እላለሁ። አንድ ባለ ሱቅ «እና እኔን ምን አድርግ ትለኛለህ?» አለው፣ ደርበው «ምንም፣ ስማኝ ብቻ» አለ። የመናኸሪያዋን ሴትዮ ቤት ፈልጌ ለማግኘት ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። አገኘኋት። ልጇን ጠርታ ከጎኗ አቁማ ሰማች።

ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ ነበር፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ሆስፒታሉ ጀርባ አንዲት አሮጊት ጋ ደረስን፣ ዱሬቲ የሚባሉ፣ አይናቸው በደንብ አያይም። ደርበው እንደ ልማዱ ተናገረ፣ የበፊቱን ያህል አይንተባተብም አሁን። አሮጊቷ እስኪጨርስ ሰሙት፣ ከዛ ሌላ ሰው ያልጠየቀውን ጠየቁት።

«ቆይ። ለምን ገበያ የሄደ መሰለህ? ያ ልጅ ሥራ ጥሎ የሚሄድ ልጅ ነበር እንዴ?»

ደርበው ዞሮ አየኝ። በዚህ ሁሉ ቅዳሜ ዞሮ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው። ዝናቡ በአፍንጫው ላይ ይወርዳል። እኔ ደግሞ የአሮጊቷን አጥር ማየት ጀመርኩ። አጥሩ ባህር ዛፍ ነው። ስለ ጫማው አንድ ቃል ቢናገር፣ አንዲት ቃል፣ እናቴ ጆሮ እስክትደርስ አንድ ቀን አይፈጅባትም።

«አልነበረም» አለ። «የሌሎቹ ልማድ ነው እሱም ላይ የመሰለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አሮጊቷ «እህ» አሉና ገቡ።

መንገድ ላይ ቆምን። ሰባ አንድ ቤት ጨርሰናል፣ እኔ ነኝ የቆጠርኩት። ደርበው ጫማው ውሃ ገብቶበት ጭቅ ጭቅ እያለ፣ ቀስ ብሎ፣ «ኦሊ፣ ለዛሬ አይበቃንም?» አለኝ። ምን እንዳለ ገብቶኛል። ያደረገልኝን አውቄለታለሁ፣ እሱም እንዳወቅኩ አውቋል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ያለቅሳል፣ ይተቃቀፋል።

«ከመድሃኒት ቤቱ ጀርባ ያሉት አልሰሙም» አልኩት። «ቅደም።»